ለሰርቨሩ በር ዋስ የጠራው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ የሚጠብቀው ሰርቨርም አንድ ብቻ ነበረ። ሰውየው የሚኖረው በአንድ የደጋ ከተማ ነው። ሰርቨሩ ግን ሩቅ ነው፤ በዋናው ከተማ፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ በተቆለፈ ክፍል። ሰውየው ሰርቨሩን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። የሚያውቀው ጥቁር ስክሪን ላይ በሚጽፈው ትእዛዝና በሚመጣለት መልስ ብቻ ነው።

ትርሲት፣ ትናንት የጠየቅሽኝን ሰምቻለሁ። የሆስፒታሉን ሰርቨር ካስረከቡሽ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣሽ፣ ትእዛዝ ጽፈሽ ልትጫኚ ስትይ ጣትሽ እንደሚንቀጠቀጥ ነገርሽኝ። «ይሄ ፍርሃት መቼ ነው የሚለቀኝ?» አልሽ። የዚህን ሰውዬ ነገር ከየት እንደምጀምርልሽ እያሰብኩ ነበር። አሁን ጀምሬዋለሁ፣ ስሚኝ።

ሰርቨሩ የኦክስጅን ነበር። ጤና ጣቢያዎች ኦክስጅን ሲያልቅባቸው ወደ ሰውየው መሥሪያ ቤት ይደውላሉ። መሥሪያ ቤቱ ትእዛዙን ሰርቨሩ ላይ ይሞላል፤ ትእዛዙ ፋብሪካው በር ላይ ባለው ኮምፒውተር ይታያል፤ በረኛው አይቶ ሲሊንደሩን ያስወጣል፤ መኪናው ይጭናል። ሰርቨሩ ከቆመ ሲሊንደር የለም። በእጅ የተጻፈ ወረቀት አይሠራም። ድሮ በእጅ ይጻፍ በነበረ ጊዜ ለጤና ጣቢያ የወጣ ሲሊንደር ብየዳ ቤት ነበር የሚገኘው። ስለዚህ ፋብሪካው አንድ ሕግ አወጣ፦ ማሽኑ ላይ ያልመጣ ነገር ከበር አይወጣም። ሕጉ ጥሩ ነበር፤ ማሽኑ እስካለ ድረስ።

ሰውየው ፈሪ ነበር። ለስድብ ብዬ አይደለም። እንዳንቺው ትእዛዝ ጽፎ ደጋግሞ የሚያነብ፣ ከመጫኑ በፊት እጁን ሱሪው ላይ የሚጠርግ ሰው ነበር። ሰርቨሩ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ አያባብልም። አጥፋ ካሉት ያጠፋል፣ ዝጋ ካሉት ይዘጋል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ለሰውየው ከስህተት መልእክት ይልቅ የሚያስፈራው ያ ዝምታ ነበር።

ከእሱ በፊት የነበረው ደፋር ነበር። ጣቱ ኪቦርድ ላይ ይሮጣል፣ እያወራ ይሠራል፣ ሲሠራ ያፏጫል፤ ሰው ይወደው ነበር። ይሄ ደፋር አንድ ቀን የሰርቨሩን ጥበቃ ላጥብቅ ብሎ ፋየርዎሉን ነካካ። ፋየርዎል ማለት ማን ይግባ፣ ማን ይመለስ የሚለው በረኛ ነው። አንድ መስመር አሳስቶ ጻፈና ተጫነው። በሩ ተዘጋ፣ እሱም ውጭ ቀረ። ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በሩን እንደዘጋ ሰው ሆነ። የምድር ቤቱን ክፍል የሚከፍተው ሰው ደግሞ ለቅሶ ደርሶት አገሩ ገብቷል። እሱ እስኪመለስ ሰርቨሩ ውስጥ ሆኖ ደህና ይሠራል፣ ግን ማንም አይገባበትም። በዚያ መሀል ቆላ ባሉት ጤና ጣቢያዎች ምን እንደደረሰ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ጮክ ብሎ የሚያወራ የለም። ደፋሩ ሥራውን ለቀቀ። ፈሪው በቦታው ተቀጠረ።

የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ቢሮው ውስጥ ያሉት ሰውየውና ሥራ አስኪያጁ ብቻ ናቸው፤ ሌላው ገበያ ወጥቷል ወይም ወደ ቤተሰቡ ተሳፍሯል። የቢሮው የኢንተርኔት መስመርም የለም። መንገድ ሲያሰፉ ኤክስካቫተር ኬብሉን በጥሶት፣ ከበዓል በኋላ እንጠግናለን ተብሎ ሰንብቷል። ሁለቱ የሚሠሩት ከሰውየው ስልክ በሚገኝ ሞባይል ዳታ ነው።

ረፋዱ ላይ የሥራ አስኪያጁ ስልክ ጠራ። ቆላ ካለው ጤና ጣቢያ የምትደውል ሲስተር ነበረች። አንድ ሕፃን ያለ ጊዜው ተወልዷል፣ በኦክስጅን ነው ያለው፣ የተገጠመለትም የቀረቻቸው የመጨረሻዋ ሲሊንደር ናት። የሲሊንደሯ መለኪያ መርፌ ወደ ቀዩ እየወረደ መሆኑን ነገረችው። ሥራ አስኪያጁም አይዞሽ፣ መኪናው ፋብሪካው በር ላይ ቆሟል፣ ትእዛዙን አሁኑኑ እንልካለን አላት። ዞሮም ሰውየውን ላክ አለው። ሰውየው የትእዛዙን ገጽ ሊከፍት ሞከረ። ገጹ አልከፈትም አለ።

ሥራ አስኪያጁ የሚያውቀው አንድ መድኃኒት ነበር፤ አጥፍተህ አብራው አለው። የመኪናው ሾፌር በስልክ ሲሰማ እሱም ያንኑ አለ። የፋብሪካው በረኛ እንኳ ስልኩን ከሾፌሩ ተቀብሎ የእኛም ሲያስቸግር እንዲያ ነው የምናደርገው ብሎ መከረ። ለሌላ ሰው ማሽን መድኃኒት የማያውቅ የለም። ሰውየው ግን አላጠፋውም። ጠፍቶ ባይነሳስ? አጠገቡ ቆሞ የሚያበራው ሰው የለም፤ ለሕንፃው ጥበቃ ሲደወል ስልኩ ዝግ ነው። ደግሞም ምን እንዳመመው ሳይታወቅ ቢጠፋ፣ ሲነሳ ሕመሙም አብሮት ይነሳል።

በጥቁሩ ስክሪን ገባ። ብዙ አስጠብቆ አስገባው። በሕይወት አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ዲስኩን አየ። ዲስኩ ሞልቷል፤ አንዲት ፊደል የምትጻፍበት ቦታ አልቀረም። የትእዛዙ ፕሮግራም የወደቀው ለዚህ ነው፤ መጻፊያ አጥቶ። ምን ሞላው ብሎ ሲፈልግ ሎጉን አገኘ። ሎግ ማለት ሰርቨሩ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያለ የሚጽፍበት ፋይል ነው። ያ ፋይል አብጦ አብጦ ቤቱን ይዞታል። ሰውየው ሰረዘው። ዲስኩን መልሶ አየ። እንደሞላ ነው።

የተሰረዘ ፋይል ቦታ ካልለቀቀ እንግዲህ ምን ይለቃል? መልሶ ሲያስበው ነገሩ ገባው። ሎጉን የሚጽፈው ፕሮግራም ፋይሉን አሁንም ጨብጦታል። ስሙ ተሰርዟል፣ ቦታው ግን አልተለቀቀም፤ ወጥቻለሁ ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ዕቃውንም ሳያነሳ እንደሚሄድ ተከራይ። ሰውየው ሰርቨሩን አልነካም፤ ያንን አንድ ፕሮግራም ብቻ ዘግቶ እንደገና አስነሳው። ቦታው ተለቀቀ። ከዚያ የትእዛዙን ፕሮግራም አስነሳ፤ እሱም ተነሳ። ሥራ አስኪያጁ ተመስገን ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ወዲያው ደግሞ ተነሳ። ገጹ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይከፈትም።

ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፣ ትርሲት። አንድ ሕመም አግኝቶ ሲያድን ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ሰውየው ዲስኩን ምን ሞላው ብሎ ነበር እንጂ ሎጉን ምን አሳበጠው ብሎ አልጠየቀም ነበር። አሁን ጠየቀ። አዲሱን ሎግ ከፈተው፤ መስመሩ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ከየዓለሙ ዳርቻ የመጡ፣ ስምና ፓስዎርድ እየገመቱ በሩን የሚደበድቡ ናቸው። አንዱ ሲመለስ ሌላው ይመጣል። ሰዎችም አይደሉም፤ እንዲያንኳኩ የተለቀቁ ፕሮግራሞች ናቸው፣ አይደክማቸውም። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ማነህ እያለ ሲመልስ ለገዛ ባለቤቱ የሚሆን ጉልበት አጥቷል። ሰውየው እንኳ ውስጥ ያለው ቀድሞ ስለገባ ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱ ታወቀ። በሩን መዝጋት፣ ለራስ ሰው ብቻ መተው። ትእዛዙንም ከዚህ በፊት፣ አእምሮው ሰላም በነበረ ጊዜ፣ ለክፉ ቀን ብሎ ጽፎ አስቀምጦት ነበር፦ ሁሉንም ዝጋ፣ ከቢሮአችንና ከፋብሪካው በቀር ማንንም አታስገባ። አወጣው። ስክሪኑ ላይ አስቀመጠው። የቀረው መጫን ብቻ ነው።

መጫኑ አልሆነለትም። እጁ ከኪቦርዱ በላይ ቀረ። ያ ደፋር የጻፈው መስመር ምን ይመስል ነበር? እሱም አንብቦት ነበር ወይ? በሩ ተዘግቶ እኔም ውጭ ብቀር፣ ምድር ቤቱን የሚከፍተው ሰው በዓሉን ውሎ ነው የሚመለሰው። ሕፃኑ በዓሉን አይውልም። ባልዘጋው ደግሞ የኦክስጅኑ ትእዛዝ አይወጣም፤ ሕፃኑ እንዲያም ሆኖ አይውልም። ሥራ አስኪያጁ ከኋላው ቆሞ ትንፋሹ አንገቱ ላይ ያርፋል። ምን ትጠብቃለህ አለው። ከአንተ በፊት የነበረው ቢሆን ይሄኔ ጨርሶ ነበር አለው። ሰውየውም በሆዱ አዎ፣ ጨርሶን ነበር አለ።

ስልኩ እንደገና ጠራ። ሲስተሯ ናት። መርፌው ቀዩን ነካ።

ይሄን ጊዜ ሰውየው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ አጎቱ ትዝ አሉት። እዚህ መሥሪያ ቤት ሲቀጠር ዋስ አምጣ ተብሎ ነበር፤ አጎቱ መጥተው ፈረሙለት። ሌባ ነው ብለው አይደለም የፈረሙት። ሰው ነው፣ ሰው ይሳሳታል፣ ነገር ቢበላሽ የሚመልስ ይኑር ብለው ነው። ያለ ዋስ አንድ ወንበር እንኳ አላስረከቡትም። እንግዲህ ለእኔ ዋስ ከተጠየቀ፣ ለዚህ በር ለምን አይጠየቅም ብሎ አሰበ።

ትእዛዙን ትቶ ሌላ መጻፍ ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ አየው።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ዋስ እየጠራሁ ነው፣ ጋሼ።»

«ለማን?»

«ለራሴ።»

ሥራ አስኪያጁ ሰውየው አበደ ብሎ ጠረጠረ። ሰውየው የጻፈው ግን ይሄ ነበር፤ በሊኑክስ ቋንቋ ነው የጻፈው፣ እኔ በእኛው ልንገርሽ፦ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ፋየርዎሉን ዛሬ እንደነበረው መልሰው፤ እኔ ራሴ መጥቼ ተው ካላልኩህ በቀር ማንንም አትስማ። ሰርቨሩን ለሰርቨሩ ዋስ አደረገው። እሱ ውጭ ቢቀር ከውስጥ ሆኖ የሚከፍትለት አለ።

ዋሱንም ቢሆን እንዲሁ አላመነውም። ያልተፈተነ ዋስ መጠጥ ቤት እንደተገባ ቃል ነው፤ ሲነጋ ማን ነህ ይልሃል። ስለዚህ በመጀመሪያ ትንሽ ነገር አዘዘው፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ አንድ ባዶ ፋይል ፍጠርልኝ አለው። እጁንም አጣምሮ ጠበቀ። ሥራ አስኪያጁ ይሄን ሲያይ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ሕፃን እየሞተ አንተ ትጫወታለህ?»

ሰውየው ዓይኑን ከሰዓቱ አላነሳም። ደቂቃዋ ሞላች። ፋይሉን ፈለገ፤ አለ፣ ባዶውን ተቀምጧል። ዋሱ ሰምቷል ማለት ነው። ትልቁን ዋስ ጠራ፣ ቃሉን ደግሞ አነበበ፣ ከዚያ በሩን የሚዘጋውን ትእዛዝ ተጫነ።

ስክሪኑ ደረቀ። የሚርገበገበው ምልክት ቆመ። አንድ ፊደል ጻፈ፣ አልታየም።

«ዘጋኸው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ዘጋሁት።»

«አንተስ?»

«ውጭ ነኝ።»

ሥራ አስኪያጁ መስኮቱ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ዶሮ አንጠልጥለው እየተሳሳቁ ከታች ያልፋሉ። የምድር ቤቱን ሰው ስልክ ሞከረ፤ ደንበኛውን ማግኘት አይችሉም የምትለው ሴትዮ መለሰችለት። እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

«ታዲያ አሁን ምን እየጠበቅን ነው?»

«ዋሱን።»

ስህተቱን ሰውየው ያወቀው ያን ጊዜ ነው። በሰላሙ ቀን የጻፈው ትእዛዝ ከቢሮአችን በቀር ይላል። ቢሮአችን ማለት የቢሮው መስመር ነው፤ ያ መስመር ደግሞ ኤክስካቫተር በልቶታል። ዛሬ የሚሠሩት ከስልክ ነው፣ ስልኩ ኢንተርኔት ላይ ሌላ አድራሻ አለው፤ ለሰርቨሩ እሱም እንደ እነዚያ ደብዳቢዎች ባዕድ ነው። ስንት ጊዜ አንብቦታል። ፊደሉ ልክ ነበር፣ ቁጥሩ ልክ ነበር፤ ልክ ያልሆነው ቀኑ ነው። ደፋሩ በችኮላ የሠራውን እሱ በጥንቃቄ ሠራው፣ ውጤቱ ግን አንድ ሆነ። ሁለቱም ውጭ።

ልዩነታቸው ያ ዋስ ብቻ ነው። ያም ከመጣ።

መጠበቅ እንዴት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። በመጀመሪያ ዋሱን ታምኚዋለሽ። ከዚያ ሰዓቱን ታያለሽ። ከዚያ መጠራጠር ትጀምሪያለሽ። አሥር ደቂቃ ብዬ ነው የጻፍኩት ወይስ አሥር ሰዓት? መልሰው ስል የቱን መልስ አልኩት? ሰርቨሩ በደብዳቢ ብዛት ደንዝዞ ነበር፤ ዋሱስ በሰዓቱ ይነቃል? ባዶ ፋይል መፍጠርና በር መክፈት አንድ ናቸው እንዴ? ሰውየው እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ እግሮቹ መሀል ከተተው፤ ዝም ብሎ አንድ ነገር እንዳይነካ። ሥራ አስኪያጁ ይሄን አይቶ እሱም እጁን ኪሱ ከተተ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች የሞተ ስክሪን ፊት እጃቸውን ደብቀው ተቀመጡ።

ስልኩ ጠራ። ሁለቱም አዩት። የማን እንደሆነ ያውቃሉ። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ሁለተኛ ሲጠራ ሥራ አስኪያጁ አነሳውና ጆሮው ላይ ያዘው፤ ሰምቶ፣ እሺ ብቻ ብሎ ዘጋው። ሰውየው ምን አለች ብሎ አልጠየቀም። ሥራ አስኪያጁም አልነገረው።

ሰዓቱ ሞላ። ሰውየው መግቢያውን ሞከረ። ምንም። ሞከረ። ምንም። ሥራ አስኪያጁ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሰውየው ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረ። ስክሪኑ ጥቂት አሰበ።

ግባ አለው።

ዋሱ መጥቶ ነበር። ከውስጥ ሆኖ በሩን እንደነበረው መልሶታል። ደብዳቢዎቹ ተመልሰው እስኪሰበሰቡ ሰርቨሩ ትንሽ አረፍ ብሏል፣ ሰውየውም በዚያች ክፍተት ገባ። ደስታው ልቡን ሞላው። ትእዛዙን አወጣ፤ በቢሮው መስመር ፋንታ ስልኩ ኢንተርኔት ላይ የሚወጣበትን አድራሻ አስገባ፤ ስህተቱን አውቆታል፣ አርሞታል፣ ጊዜም የለም። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ሊጫን ጣቱን አወረደ።

ሥራ አስኪያጁ የእጁን አንጓ ጨብጦ ያዘው።

«ዋሱስ?»

ሰውየው ቀና ብሎ አየው። የመጀመሪያው ዋስ ቃሉን ጠብቆ፣ ዕዳውን ከፍሎ ሄዷል። አሁን ማንም የለም። ያ ሁሉ ፍርሃት አንድ ጊዜ ስለወጣለት እንደ ደፋሩ ሊያደርግ ነበር፣ ማፏጨት ብቻ ነው የቀረው። ትርሲት፣ ከዚያ ቀን አንድ ነገር ብቻ ልያዝ ብትይኝ ይሄን ቅጽበት ያዢ እልሻለሁ። ሰውየው በጣም ለመጥፋት የቀረበው ሲንቀጠቀጥ አይደለም፤ መንቀጥቀጡን ሲተው ነው።

ዋሱን እንደገና ጠራ። ከዚያ ዘጋ። ስክሪኑ አልደረቀም፤ ምልክቱ ይርገበገባል። በዚያም አላበቃም። የገባበትን የስክሪን መስኮት ክፍት ትቶ፣ በጎኑ ሌላ አዲስ መስኮት ከፍቶ፣ እንደ እንግዳ ከደጅ አንኳኳ። ውስጥ ያለ ሰው በሩ እንደሚከፈት አያውቅም፤ የሚያውቀው ከውጭ የመጣ ነው። አስገባው። ያን ጊዜ ብቻ ዋሱን አመስግኖ አሰናበተው።

የትእዛዙ ገጽ ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሞላው፣ ሰውየው ላከው። በስልኩ ውስጥ የፋብሪካው በረኛ «ትእዛዙ መጣ፣ መጣ» ሲል ተሰማ፤ ከኋላው የሲሊንደር ብረት እርስ በርሱ ሲጋጭ፣ ቀጥሎም ሞተር ሲነሳ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ኔትወርክ የለውም። ሁለቱ ምሳ ሳይበሉ፣ ወደ ቤትም ሳይሄዱ ቆዩ። መርፌው ያለበትን የሚነግራቸው የለም። የሠሩት ሥራ ልክ መሆኑ ሕፃኑን ለመድረስ ይበቃ ወይ አይበቃ አያውቁም፤ ያን የሚያውቀው መንገዱ ነው።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሲስተሯ ደወለች። «ገጠምነው» አለች። ከኋላዋ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል፤ ቀጭን ነው፣ ግን አለ።

ይህን ነው ልነግርሽ የፈለግኩት።

ትርሲት፣ ሰውየው አንቺ ነሽ። ደፋሩም ሌላ ሰው አይደለም፤ አንድ ነገር ከተሳካልሽ በኋላ ባለችው ደቂቃ እሱም አንቺ ነሽ። በሩ ነገ እዚያ ሆስፒታል የምትነኪው ነገር ሁሉ ነው፤ የምትሰርዢው ፋይል፣ የምትለውጪው ቅንብር፣ የምታስነሺው ፕሮግራም። ከኋላሽ ቆሞ አጥፍተሽ አብሪው የሚልሽ አይጠፋም፤ ሐኪሙም ይልሻል፣ ካርድ ክፍሉም ይልሻል፣ የጥበቃው ሰውዬ እንኳ ይልሻል። እነሱ ክፉ ሆነው አይደለም። የእነሱ ሲሊንደር እያለቀ ነው።

ዋሱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልክ የለውም። አንዳንዴ ከመለወጥሽ በፊት በጎን የምታስቀምጪው ቅጂ ነው። ሌላ ጊዜ ሳትዘጊው የተውሽው መስኮት ነው። ምንም ሲጠፋ ደግሞ ምድር ቤቱ ውስጥ ቁልፍ ይዞ፣ ስልኩን ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ነው፤ በዓል ሳይደርስ እንዲህ ያለ ሰው ለምኚ። መልኩ ምንም ይሁን፣ ሥራው አንድ ነው፤ አንቺ ውጭ ስትቀሪ እሱ ውስጥ ይቀራል።

ፍርሃቱ መቼ ነው የሚለቀኝ ብለሽ ጠየቅሽኝ። አይለቅሽም። ያ ሰውዬ ዛሬም ትእዛዝ ከመጫኑ በፊት እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ፍርሃቱ ጠላትሽ ይመስልሻል፣ አንጓሽን የያዘሽ እጅ ነው እንጂ። ስለዚህ ጣትሽ ሲንቀጠቀጥ አትስደቢው። ብሳሳት ማን ይመልሰኛል ብለሽ ጠይቂ። መልስ ካለሽ ተጫኚው። መልስ ከሌለሽ እጅሽን አንሺ። ሁሉም ቢጮህብሽ አንሺ፣ ሕፃን እየጠበቀ ቢሆንም አንሺ። በተለይ ሕፃን እየጠበቀ ከሆነ።